የቆርቆሮው ወንድም

ሞት ይገላግላል ይላሉ። ቀለሜን ግን የታላቅ ወንድሙ ሞት አልገላገለውም፤ ጭራሽ ወንድሙን አባዛበት። በከተማው አዲስ ፀጉር ቤት በተከፈተ ቁጥር ያ ሰው እንደገና ይወለዳል፤ አዋላጁም ሌላ ሳይሆን ራሱ ቀለሜ ነው።

ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። ለጫማ ቤት ጫማ፣ ለጎሚስታ ጎማ፣ ለፀጉር ቤት ደግሞ ጎኑን የሰጠ የወንድ ፊት ይሥላል። ያንን ፊት በነጻ እጁ ጀምሮት አያውቅም። ከአባቱ የወረሰው ቅርጽ አለ፤ አባትየው ከቆርቆሮ ቆርጦ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ፣ ከሥራ ክፍሉ በር ጀርባ ሚስማር ላይ የሰቀለው። ቀለሜ ቆርቆሮውን ሰሌዳው ላይ ያስደግፍና ዙሪያውን በእርሳስ ይከተለዋል፤ ከዚያ ፀጉሩን በጥቁር፣ አንገቱን በቡናማ ይሞላል። ለቆርቆሮው ስም አውጥቶለታል፤ «ታላቁ» ይለዋል። «ታላቁን አቀብሉኝ እስቲ» ይላል ብቻውን ሲሠራ። የሚያቀብለው የለም፤ ተነስቶ ራሱ ያወርደዋል።

ታላቅየው ሲቀረጽ ቀለሜ በቦታው ነበረ። አባታቸው ልጁን ከነጭ ግድግዳ አጠገብ አቁሞ፣ ወረቀት ለጥፎ፣ ጥላውን በከሰል ለመከተል ሲታገል ፋኖሱን ይዞ የቆመው ቀለሜ ነው። ክንዱ እስኪዝል ይዟል። ያኔ ያሰባትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ በዚህ ቤት የኔ ድርሻ ሌላው እንዲታይ መብራት መያዝ ነው፣ ብሎ ነበር።

እንዳለውም ሆነ። አንድ ቤት ሁለት ተማሪ አይችልም ተባለና ታላቅየው በትምህርቱ ቀጠለ፤ ቀለሜ ደብተሩን አስቀምጦ ቀለም በጥባጭ ሆነ። ስሙም የወጣለት በዚያ ነው። ቀለሜ ማለት በሰው አፍ ጎበዝ ተማሪ ማለት ነው፤ እሱ ግን ከትምህርት ተነጥቆ ጣቱ ቀለም ስለነካ ቀለሜ ተባለ። ስሙን በጠሩት ቁጥር የሚያሾፉበት ይመስለዋል። ደግሞም ያሾፋሉ።

ታላቅየው ቁመናው ያማረ ስለነበር እናቱ «ሎጋዬ» ትለው ነበር፤ ሰፈሩም ተቀብሎ «ሎጋው» አለው። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው የተሳፈረበት አውቶብስ ገደል ገባ። ሰፈሩ ተገልብጦ ወጣ። የተማረ ሲሞት ተስፋ ሞተ ይባላል፤ ያልተማረ ሲኖር ግን ምን ኖረ ይባላል? እናቱ በለቅሶው ሰሞን የልጇን ፎቶዎች አንድ ሳታስቀር ሰብስባ አቃጠለች። «እያየኝ መኖር አልችልም» አለች። እጇን ሊይዝ የሞከረ ዘመድ ተነክሶ ተመለሰ።

ስለዚህ ከሎጋው በምድር ላይ የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው፤ ቀለሜ እንዲያ ብሎ ያምናል። ያምናል ብቻ ሳይሆን ይበቀልበታል። ቆርቆሮ ከንፈር የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ከንፈሩ ምን እንደሚል አያሳይም፤ እሱን ብሩሹ ነው የሚያመጣው። ቀለሜ የታች ከንፈሩን ገፋ፣ የአፉን ጫፍ ወደ ታች ሳብ ያደርገዋል፤ ሰውን ንቆ ዝም ያለ አፍ። ፀጉር አስተካካዮቹ ይወዱታል። «ኩራት አለው፣ ደንበኛ ይጠራል» ይሉታል። ቀለሜ በሆዱ፣ እናንተ ኩራት በሉት፣ እኔ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቱ አስጠራችው። ከኋለኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከሐኪም ቤት መመለሷ ነው፤ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

«ምን አለሽ ሐኪሙ?»

«ምን ይለኛል፣ ዓይንሽ ሊሄድ ነው አለኝ። ይሂድ፣ ብዙ ተንገላቷል፣ አልኩት።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ለሚሄድ ነገር መድኃኒት የት አለ።» ሻሿን አስተካከለች። «ግን ሳይሄድ አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን?»

«ሎጋዬን።»

ይኼው ነው፤ ሞቶም አይተኛ፣ አለ ቀለሜ በሆዱ።

«ፎቶውን አቃጥለሽ?»

«አቃጠልኩ። እብድ ነበርኩ፣ ያበደ ሰው ያደርገዋል። አሁን አንተ አለህልኝ። እጅህ አለ።»

እጅህ አለ። ይህችን ቃል ከእናቱ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤት ውሃ ሲያቀብላት «እጅህ ይባረክ» ትላለች፤ ልጇ ከተማውን ሙሉ በቀለም ሲሞላ ግን አንድም ቀን ቀና ብላ ይኼ ያንተ ሥራ ነው ወይ ብላ አታውቅም። ቀለሜ ምርቃት ከሰው ለምኖ አያውቅም፤ ይህችን አንዲቷን ግን እየጠበቀ ፀጉሩ ሸበተ። አሁን ጊዜዋ ደረሰ። ዓይኗ ሳይጠፋ ልጇን ያሳያታል፤ እሷም በዚያው ዓይኗ እሱን ታያለች። ደግሞስ ያንን ፊት ከሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ተኝቶ ይሥለዋል።

«እሺ እማዬ» አላት። «አልጋሽ ፊት ለፊት እሰቅልልሻለሁ።»

ጥሩ የኮምፔንሳቶ ጣውላ መርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ እስከዛሬ ከሣለው ፊት ሁሉ ያማረውን አወጣ። ቆርቆሮውን ተከተለ፤ ጥላውን በሰማያዊ አለሰለሰ፤ ዓይኑ ላይ ብርሃን ጣል አደረገ። አፉ ላይ ሲደርስ ለእናቱ ሲል ሊያሳምረው ሞከረ። እጁ እምቢ አለው። አፉ በለመደበት ወጣ። ይሁን፣ ኩራቱን ታየዋለች፣ አለና ጨርቅ ጣል አድርጎበት አልጋዋ ፊት ለፊት ሰቀለው።

የሚገለጠው እሑድ ከሰዓት ነበር። ታናሽ እህቱ ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች። ባልየው በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ይዞ የሚኖር፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ የማይለይ ሰው ነው። ቀለሜን ባገኘው ቁጥር «አርቲስቱ!» ይለዋል፤ ሲለው ግን ከንፈሩ ጫፍ ላይ የምትቀር ነገር አለች፣ ቀለሜ ያያታል።

«መጀመሪያ ልጆቹን አጫውቱልኝ» አለች እናትየው። «አባታችሁ በልጅነታችሁ ያጫውታችሁ የነበረውን፣ የአንሶላውን። እሱን እስካሁን ማየት እችላለሁ፤ ጥቁርና ነጭ ለይቼ አላጣሁም።»

እናትየው ሳሎን ተቀመጠች፤ በክፍሏና በሳሎኑ መካከል ባለው በር ላይ አንሶላ ተወጠረ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በክፍሉ መስኮት ገብታ አንሶላውን ከጀርባ ታበራዋለች። ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ ሰው ከአንሶላው ጀርባ ገብቶ ጎኑን ይሰጣል፤ ሳሎን ያሉት በጥላው ማንነቱን ያውቃሉ። ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።

መጀመሪያ የእህቱ ባል ገባ።

«ሆዱ ቀድሞ ደረሰ፣ አባዬ ነው!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

«ይኼ ሆድ አይደለም፣ የሥራ ልምድ ነው» አለ ከውስጥ።

«አፍህን ዝጋ፣ ተሸንፈሃል» አለችው ሚስቱ። እናትየው እስክታስላት ሳቀች።

እህቱ ገባች፣ ታወቀች። ትልቋ ልጅ የአባቷን ኮት ደርባ ገባች፣ ታወቀች። ያኔ ቀለሜ አንድ ሐሳብ መጣለት። ቆርቆሮውን፣ ምናልባት የቀለም እርማት ካስፈለገ ብሎ፣ ከዕቃው ጋር ይዞት መጥቷል። የሞተውንም ጨዋታ ውስጥ ላስገባው፣ አለ። እናቱ ጥላውን እንዳየችው ልቧ ይከፈታል፤ ወዲያው ጨርቁን ይገልጠዋል። ቆርቆሮውን ከብሩሽ እንጨት ጋር አስሮ አንሶላው ጠርዝ ላይ ቆመ፤ እሱ ራሱ ለሁሉም ይታያል፣ እጁ ብቻ ወደ ጀርባ ገብቷል። የቆርቆሮው ፊት አንሶላው ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«እስቲ ይኼን እወቁ» አለ።

«አጎቴ ቀለሜ!» አሉ ልጆቹ፣ አፍታ እንኳን ሳያስቡ።

«አይደለም። ደግማችሁ እዩ።»

«ኧረ ነህ! ነህ! አታጭበርብር!»

ትንሿ ልጅ ግን አልጮኸችም። አንሶላውን አየች፤ ዞራ ጠርዙ ላይ የቆመውን አጎቷን አየች፤ ተመልሳ አንሶላውን አየች። ከዚያ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አጎቴ እዚህ ነው» አለች። «ጥላው ለምንድነው ብቻውን የገባው?» ብላ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ አለቀሰች።

«ሎጋው ነው!» አለ ቀለሜ። ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «አጎታችሁ ነው! የሞተው!»

«ኧረ አርቲስቱ» አለ የእህቱ ባል እየሳቀ፣ «ያንን አገጭ በሟች አታሳብብ። እኔ በየፀጉር ቤቱ በር ሳይህ፣ ሰውየው ራሱን ይወዳል እል ነበር።»

እህቱ አልሳቀችም። መጥታ ክንዱን ይዛ ከአንሶላው ጀርባ አስገባችውና ጎኑን አሰጥታ አቆመችው። ቆርቆሮውን አጠገቡ ይዛ ወደ ሳሎኑ ተጣራች። «እማዬ፣ ስንት ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ» አለች እናትየው።

ቀለሜ ጥላውን ሊያይ ፊቱን ወደ አንሶላው መለሰ። ሲመልስ አፍንጫው ጠፋ፣ አገጩ ጠፋ፣ ድብልብል ያለ ጥቁር ነገር ብቻ ቀረ። ጎኑን ሲሰጥ ደግሞ አያየውም። እንደገና ሞከረ። ዞር ሲል ይጠፋል፣ ሲመለስ አለ ይሉታል። አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል፤ የራስን ጎን ለማየት ግን የትኛውም አንገት አይበቃም። ሰው በመስተዋት የሚያውቀው ፊት ለፊቱን ነው። ጎኑን የሚያውቁለት ሌሎች ናቸው።

«እማዬ፣ አባዬ ሎጋውን ሲቀርጽ ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ከአንሶላው ጀርባ እንደቆመ። «በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ሎጋዬ መች ቆሞ ተቀረጸ» አለች። «እግሩ እሳት የረገጠ ነው የሚመስለው። አባትህ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ወረቀቱን ቀድዶ ጣለው። አንተ ፋኖሱን አስቀምጠህ ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ እንቅልፍ ይዞህ ሄደ። የተኛ አይነቃነቅም አለና ያንተን ጥላ ገለበጠ። ነጋ ጠባ ስትሠራበት ኖረህ፣ ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለቀባሪ ያረዱታል እንዴ? የገዛ ፊቱን አያውቅም ብዬ በምን ልጠርጥር ልጄ?»

ከአንሶላው ጀርባ ወዲያ ወዲህ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀለሜ ጨርቅ የለበሰውን ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ ሳይሰናበት በጓሮ በር ወጣ።

የሚሄድበትን መንገድ እግሩ ያውቀዋል። ዋናው መንገድ ላይ የመጀመሪያው ፀጉር ቤት ብቅ አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ጎኑን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ማዶ ያያል። ቀለሜ ቆመ። የታች ከንፈሩ ገፋ ብሏል፣ የአፉ ጫፍ ወርዷል። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ያም እዚያው ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ከድልድዩ አፍ፣ ከአውቶብስ ማቆሚያው ጀርባ፤ ቀለማቸው የነጣ፣ ዝናብ ያላጠው፣ ትናንት የተቀባ፤ ሁሉም እሱን ትተው ሌላ ነገር ያያሉ። አንድም ዞር ብሎ ያየው የለም። በሰው ጀርባ ላይ የሚያፌዝ ሰው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ዝም እንደሚል ዓይነት ነው ዝምታቸው።

«ቀለሜ!» አለው አንድ ፀጉር አስተካካይ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ምነው፣ የሞተ ሰው ያየህ መሰልክ?»

«የቆመ ነው ያየሁት» አለና አለፈው።

ያንን ንቀት ማን አመጣው? ቆርቆሮው አላመጣውም። የሎጋው ነው ብሎ በየሰሌዳው የዘረጋው አፍ የማን አፍ ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቀለሜ ይህን ሲያስብ እጁ ወደ አፉ ሄደ። የታች ከንፈሩን በጣቱ ነካው። ገፋ ብሏል። ወዲያው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ሰው እንዳያየው።

የባሰው ግን ሥራ ክፍሉ ሲደርስ መጣ። በሩን ዘግቶ፣ እሺ፣ እንግዲያው እውነተኛው ሎጋው ምን ይመስል ነበር፣ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም። ኮቱን አየው፣ ጫማውን አየው፣ ከብብቱ ሥር የሸጎጣቸውን መጻሕፍት አየ። ከኮሌታው በላይ ሲደርስ ቆርቆሮው አለ። ቆርቆሮውን ወደ ጎን ገፋው፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ባዶ ነው። ገደሉ ወንድሙን ወሰደ፤ ፊቱን ግን ገደል አልወሰደውም፣ እናቱም ብቻዋን አላቃጠለችውም። ቀለሜ በየታፔላው ቀለም እየደራረበ ቀብሮታል። ወንድሙን በልቡ ሲረግም የኖረው እንግዲህ ፊት የሌለውን ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከጀርባው የቆመ ሁሉ መሰለው። ዞር ቢል አያውቀውም። መንገድ ላይ ቢያገኘው አልፎት ይሄዳል።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳውን ተሸክሞ እናቱ ዘንድ ተመለሰ። ሲነግራት ድምፁ የልጅ ሆነ።

«እማዬ፣ አላስታውሰውም።»

ብትስቅ ይሻል ነበር። አልሳቀችም። አልጋዋ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

«ተቀመጥ። እንግዲያው ጨዋታው ይለወጥ። አንተ ጠይቀኝ፣ እኔ ነው አይደለም እላለሁ። ግን ቶሎ በል፤ ዛሬ መስኮቱ ራሱ ጉም ሆኖብኛል።»

«ከጎኑ ነው ከፊት?»

«ከፊት! ተጣልቶ እንዳኮረፈ ዘመድ ጎኑን አይስጠኝ። ወደ እኔ አዙረው።»

ቀለሜ ፊቱን ያዞረ ሰው ሥሎ አያውቅም። የሚያይ ሰው ሥሎ አያውቅም። በዚያው ሰሌዳ፣ በራሱ ጎን ፊት ላይ፣ ነጭ ቀብቶ ጀመረ።

«ግንባሩ ሰፊ ነው?»

«አይደለም። ያባትህ ነው ሰፊ። የሱ ጠበብ ብሎ ፀጉሩ መሐል ላይ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ጆሮው?»

«ግራው ወጣ ያለች ናት፣ ወሬ የምትሰማ ነው የምትመስለው። አዎ። ኧረ በዛች! ዝሆን አደረግከው።»

«ቅንድቡ የተጋጠመ ነው?»

«አይደለም... ነው... ቆይ።» ጠጋ ብላ፣ አፍንጫዋ ቀለም እስኪነካ ተጠግታ፣ በጣቷ አየሩ ላይ መስመር አሰመረች። «ነው። ሲናደድ ይጋጠማል።»

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። በየቀኑ ይመጣል፤ ይጠይቃል፣ ትመልሳለች፣ ይሽራል፣ ይቀባል። ከሰሌዳው ቀስ እያለ አንድ ሰው ይወጣ ጀመር። ቀለሜ አያውቀውም። ዓይኖቹን ከሣለ በኋላ ብሩሽ ሊያጥብ ዞር ባለ ቁጥር ማጅራቱ ላይ የሚያርፍ ነገር አለ። አሮጌው ቀለምም አላስተኛ አለው፤ የጎን ፊቱ መስመር ነጩን እየበሳ ከአዲሱ ጉንጭ ሥር ብቅ ይላል።

«ሁለት ሰው ነው እንዴ?» አለች አንድ ቀን።

«አንደኛው ይጠፋል እማዬ፣ ሲደራረብበት።»

«የትኛው?»

ነጩን ቀለም አንስቶ ደገመበት።

በመጨረሻ አፉ ቀረ።

«አላገኘሁትም» አለች እናትየው። «ድምፁን ነው የማገኘው። ስትስም አፍ አይታይም፣ ስታጎርስም የምታየው ጉርሻውን ነው። አንተ ንገረኝ፤ አንድ አልጋ ነው የተኛችሁት።»

ቀለሜ ብሩሹን አነሳ። እጁ ሄደ። የታች ከንፈር ገፋ፣ ጫፉ ወረደ።

እናትየው ተጠግታ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «ይኼ ያንተ ነው። ሲከፋህ የምታደርገው። ከጡት ሳትወርድ ጀምሮ እንዲህ ታደርግ ነበር። እኔም ይኼን አፍ ባየሁ ቁጥር ምን አጎደልኩበት እያልኩ...» ቃሏን ሳትጨርስ ትራሷ ላይ ተደገፈች።

ጨርቁን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጁ ነክሮ የሥዕሉን አፍ ጠረገው፤ ፈጥኖ ጠረገው፣ ተናዶ። አኳራጁ የእጁ አንጓ ላይ ወረደ። ላቡን ሊጠርግ ክንዱን ወደ ፊቱ ሲያመጣ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

እሳት ነው። ዓለም ጠፋበት። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በእጁ ከድኖ ቆመ፤ በዚያ ማቃጠል ውስጥ ግን አንድ ነገር መጣ። ይኼን ማቃጠል ያውቀዋል። አንድ ጊዜ፣ ገና ቀለም በጥባጭ የሆነ ሰሞን፣ አባታቸው በሌለበት የአኳራጁ ጣሳ ፊቱ ላይ ተደፍቶበት ነበር። ጮኸ። መጻሕፍት መሬት ላይ ሲወድቁ ተሰማ። ከዚያ ሁለት እጆች ጭንቅላቱን ያዙት፣ አንድ አውራ ጣት ሽፋሽፍቱን ወደ ላይ ገልጦ ያዘ።

«አትጨፍን። ክፈተው። አለሁ፣ አለሁ።»

በእንባውና በእሳቱ መካከል የታየው ፊት ሙሉ በሙሉ ወደሱ የዞረ ነበር። ከዚያ ቅርበት ሰው ፊት አይቶ አያውቅም። ዓይኑ ብዥታ ነው፣ አፍንጫው ብዥታ ነው፤ አፉ ግን ከሁሉ ቀርቦ፣ ሾል ብሎ፣ እርጥብ ሆኖ፣ እፍ ይላል። እፍ። እፍ። ትንፋሹ እስኪያልቅ፣ ደግሞ ስቦ፣ እፍ።

ቀለሜ ቀና አለ። በአንድ ዓይኑ እያየ ብሩሹን ያዘ። በጥቂት ንክኪ አለቀ። እውነት ይሁን አይሁን አላወቀም፤ ትዝታው ብሩሹን አመጣው ወይስ ብሩሹ ትዝታውን ሠራው፣ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሰሌዳውን አልጋው ፊት ለፊት ሰቀለና ወደ ኋላ ሸሸ። ከግድግዳው ላይ አንድ እንግዳ ሰው አፉን አሹሎ ወደሱ ይተነፍሳል።

«ጨረስክ?» አለች እናቱ።

«ጨረስኩ።»

«እስቲ መስኮቱን ክፈትልኝና ልየው።»

ቀለሜ መስኮቱን አየ። ፀሐይ አልጋው ላይ ተዘርግታለች፤ የእናቱ ጉልበት ላይ፣ እጆቿ ላይ።

«ክፍት ነው እማዬ» አላት።

እጆቿ አንሶላውን ያዙ፣ ለቀቁ።

«እንዲያ ነው» አለች በመጨረሻ። «ደህና። አፉን ምን አደረግከው? ንገረኝ።»

«እፍ እያለ ነው።»

«ምኑን?»

«ዓይኔን። አኳራጅ ገብቶብኝ ነበር፣ ልጅ ሆነን። እሱ ነው ይዞ እፍ ያለልኝ።»

«አልነገራችሁኝም።»

«አላስታውሰውም ነበር። ዛሬ ነው የመጣው።»

«አይ ሎጋዬ» አለች። የማያዩ ዓይኖቿን ወደ ግድግዳው አቅንታ፣ በተሳሳተ በኩል፣ ከሥዕሉ አለፍ ብላ፣ አገጯን ቀና አደረገች። «እኔንም እፍ ይበለኛ።»

ቀለሜ ግድግዳውን አየ። ሥዕሉ ባለበት ነው። ደግሞ እናቱን አየ፤ ዓይኖቿን አፍጥጣ፣ እንደ ልጅ፣ ትጠብቃለች። ሄዶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። በአውራ ጣቱ ሽፋሽፍቷን ወደ ላይ ገለጠና አፉን አሹሎ እፍ አለ።

ፊቷ ተለወጠ። እጇ ተነስቶ ደረቱን ነካ።

«ሎጋዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ትንፋሽህ እንኳን አልተለወጠም። እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ።»

የቀለሜ አሮጌ ቅናት ተነሳ፤ ዛሬም ለሱ፣ ዛሬም። እኔ ነኝ እማዬ፣ የምትል ቃል ጥርሱ ላይ ደረሰች። ቃሏን ለማውጣት ግን ትንፋሹን ማቆም ነበረበት።

አላቆመም። አየር ስቦ ወደ ሌላኛው ዓይኗ ተሻገረ።